«ማለት ነው» በእጅ እንዴት ይባላል?

«እኔ… ይኼ ነገር… ማለት ነው… እንዴት ልበላችሁ…»

ከኋላ ወንበር የታፈነ ሳቅ ተሰማ። ጆሮ ቀና ብላ ማየት አላስፈለጋትም፤ ባትሪ ነው። ባትሪ በወጣቶቹ የመዝሙር ቡድን ውስጥ ድራም የሚመታ፣ ጉልበቱ አልቆበት የማያውቅ ልጅ ነው። እኚህ ሰውዬ ለመናገር ተነሥተው «ማለት ነው» ባሉ ቁጥር አንድ ጣቱን ያጥፋል። የራሱ ጣቶች ሲያልቁበት ከጎኑ ከተቀመጠው ልጅ ጣት ይበደራል።

ሰውየው በያጅ ናቸው። የቤተ ክርስቲያኑን የብረት በርና የመስኮቶቹን ፍርግርግ የሠሩት እሳቸው ናቸው። ልጆቹ ግን እርስ በርሳቸው ሲያወሩ «ጋሽ ማለትነው» ነው የሚሏቸው።

«ጆሮ»ም ቅጽል ስም ነው። እናቷ ከሕፃንነቷ ጀምሮ አትሰማም። ስለዚህ ጆሮ በየእሑዱ ከፊተኛው ረድፍ ፊት ለፊት በርጩማ ላይ ትቀመጣለች፤ ጀርባዋ ለተናጋሪው፣ ፊቷ ለእናቷ። የሚባለውን ሁሉ በምልክት ቋንቋ ለእናቷ ታስተላልፋለች። ሰው ሁሉ በፍቅር «የእናቷ ጆሮ» ይላት ነበር፤ እያደር «ጆሮ» ብቻ ቀረ።

ዛሬ ግን እጇ ደክሟል። ደክሟል ከማለት አኩርፏል ማለት ይሻላል።

ከስብከት በኋላ «ያለው ይናገር» የሚባል ሰዓት አለ። ማንም ተነሥቶ በልቡ ያለውን ይናገራል። አንዷ ስለ ታመመ ልጇ፣ አንዱ ስላየው ሕልም፣ ሌላው ደግሞ ባለፈው ስብከት ስላልተዋጠለት ነገር። አንዳንዱ ይጀምርና መጨረሻው ይጠፋዋል። ወጣቶቹ ይህ ሰዓት ቀርቶ በምትኩ እንዲዘምሩ ጠይቀዋል። ሐሳቡን ያመጣችው ጆሮ ራሷ ናት። «አዲስ ሰው ይመጣል፣ ያዛጋል፣ ሁለተኛ አይመለስም» ብላ ባለፈው እሑድ ስትናገር አንድም ቃል አላደናቀፋትም። ዛሬ ሕዝቡ እጁን እያነሣ ሊወስን ነው። ብዙዎቹ የተስማሙ ይመስሉ ነበር፤ ጋሽ ማለትነው እስኪነሡ ድረስ።

«…እኔ አፌ ኮልታፋ ነው፣ ታውቁታላችሁ… ግን፣ ማለት ነው…»

«ምን እያለ ነው?» አለቻት እናቷ በእጇ።

የጆሮ ጆሮ እዚያ አልነበረም። አዲሱን መዝሙር ከፍ አድርጋ ትጀምረው ወይስ ዝቅ አድርጋ እያለች ታወጣ ታወርድ ነበር። «የተለመደው ነው» አለች በእጇ። «እየተደናበረ ነው። አዲስ ነገር የለም።»

ከኋላዋ የሰውየው ድምፅ እየተንገዳገደ ቀጠለ። መሐል ላይ ብዙ ሰው ወደ እነሱ ዞር ሲል አየች። እጇን የሚያዩ መሰላት፤ ሰው ሁልጊዜ እጇን ያያል።

ስብሰባውን የሚመሩት ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው፤ ሁሉም «መምህር» ይላቸዋል። «በወጣቶቹ ሐሳብ የምትስማሙ እጃችሁን አንሡ» አሉ።

እናቷ ልጇን አየቻት። ጆሮ በጉጉት ራሷን ነቀነቀች። እናቷ እጇን አነሣች።

መምህር ቆጠሩ። አልጣማቸውም መሰል መነጽራቸውን አውልቀው፣ ጠርገው፣ እንደገና ቆጠሩ። «በአንድ እጅ ልዩነት የወጣቶቹ ሐሳብ አልፏል» አሉ።

*

ግቢው ውስጥ ባትሪ ወንበር እየዘለለ መጣ። «አንድ እጅ! አየሽ አይደል? የማዘር እጅ ናት ያሸነፈችው! ከዛሬ ጀምሮ እማሆይ ምልክት ብለን ነው የምንጠራቸው!»

ጆሮ ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ ጋሽ ማለትነው ወደ እናቷ ሲመጡ አየች። ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ እናቷ ከንፈራቸውን ማየት እንድትችል ፊት ለፊቷ ቆሙ። ቀስ ብለው ተናገሩ።

«እኅቴ፣ ተቀየሙኝ እንዴ? ስለ እርስዎ ስናገር ደስ አላለዎትም መሰለኝ። እጅዎን ለዚያኛው ሲያነሡ አየሁ። ካስቀየምኩ፣ ማለት ነው፣ ይቅርታ።»

እናቷ ወደ ጆሮ ዞረች።

«ሰላም እያለሽ ነው» አለች ጆሮ በእጇ። ለምን እንዲህ እንዳለች ለራሷም አልገባትም። እጇ ከሐሳቧ ቀድሞባት ነበር።

እናቷ ፈገግ ብላ ለሰውየው ጎንበስ አለች፤ እሳቸውም ጎንበስ ብለው ሄዱ። ከዚያ ፈገግታዋ ጠፋ። «ስለ እርስዎ» አለች፣ አንድ በአንድ። «ከንፈሩ ላይ አይቻለሁ። ሰላም ማለት እንዲህ አይረዝምም።»

እናቷ ስትቀየም አትጮህም፤ ሁለት እጆቿን ኮቷ ኪስ ውስጥ ትከታለች። ቤት እስኪደርሱ ድረስ አላወጣቻቸውም።

*

የእናቷ ሥራ ልብስ ስፌት ነው። የፊተኛው ክፍል ከጣሪያ እስከ ወለል ያላለቀ ልብስ ተሰቅሎበታል፤ እጅጌ የሌለው ኮት፣ ጠርዙ ያልታጠፈ ቀሚስ፣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም። እናቷ ስፌት መኪናው ፊት ተቀመጠች፤ ግን አልሰፋችም። እጇን ከኪሷ አወጣች።

«ምን ነበር ያለው?»

«አላስታውስም።»

«አላስታውስም ወይስ አልሰማሁም?»

ጆሮ ወለሉ ላይ የወደቀ ክር በእግሯ ገፋች። «አልሰማሁም» አለች። «እማዬ፣ እሱ እኮ ሲናገር መያዣ የለውም! ግማሹ 'ማለት ነው' ነው። ለ'ማለት ነው' ደግሞ ምልክት የለንም። ምን ብዬ ልንገርሽ?»

«እሺ። እጄ ተነሥቷል፤ ያ እጅ የማን ነበር? የኔ ወይስ ያንቺ?»

እናቷ ጠበቀቻት። የእናቷ መጠበቅ ከቁጣ የከበደ ነው፤ ዓይኗን አትነቅልም፣ አትቸኩልም፣ የምትሄድበት ያለ አትመስልም።

«ያንቺ» አለች ጆሮ በመጨረሻ።

እናቷ ራሷን ነቀነቀች። ትንሽ ቆይታ ፊቷ ለዘብ አለ። «አራት ዓመት ሳይሞላሽ» አለች፣ «አንድ ማታ ታሪክ ልንገርሽ አልሽኝ። ወፍና ጫማ የሚለውን ምልክት ታምታቺ ነበር። ጫማው ዛፍ ላይ ወጣ፣ ጫማው እንቁላል ጣለ፣ ጫማው በረረ። እራቱ ቀዘቀዘ።»

«ታዲያ ለምን አላረምሽኝም?»

«ላርምሽ ብል የጫማው እንቁላል ምን እንደሆነ መቼ አውቅ ነበር?»

ጆሮ ሳትፈልግ ሳቀች። ያን ታሪክ እሷ አታስታውሰውም። ግን በምልክት ስትናገር እናቷ ሳታስጨርሳት ቀርታ አታውቅም፤ ይህን ታስታውሳለች። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አስባው አታውቅም ነበር።

«ነገ ከትምህርት ቤት ስትመለሺ» አለች እናቷ ወደ ስፌቷ እየዞረች፣ «ሄደን እንጠይቀዋለን።»

*

የብየዳው ቤት ደጃፍ ላይ የብረት ፍንጣሪ ይዘንብ ነበር። ጋሽ ማለትነው ጭንብላቸውን አጥልቀው አንድ ትልቅ የግቢ በር ላይ ጎንበስ ብለዋል። አንድ ደንበኛ ሰዓቱን እያየ ቆሟል። እናትና ልጅን ሲያዩ ጭንብላቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉ፤ ቀጥለው ማሽኑን አጠፉ።

«አባባ፣ በሩን ዛሬ ነው ያሉኝ እኮ!» አለ ደንበኛው።

«ዛሬ ነው። ዛሬ ደግሞ፣ ማለት ነው፣ ገና አልመሸም።»

ጆሮ የመጡበትን ነገረቻቸው። ትናንት የተናገሩትን ለእናቷ ሳታደርስ እንደቀረች ስትናገር መሬት መሬት ታይ ነበር። «ስለዚህ ጋሼ፣ እባክዎ ይድገሙልኝ» አለች።

ሰውየው ራሳቸውን አከኩ። «እኔስ ምን እንዳልኩ የት አውቄ! ስቀመጥ እኮ ሚስቴን 'ምን አልኩ?' ብዬ ነው የምጠይቃት።»

ደንበኛው እንኳ ሳቀ። ጋሽ ማለትነው ግን ሁለት ባልዲ ገልብጠው ለእንግዶቻቸው አቀረቡ፤ ራሳቸው የብረት ቁራጭ ላይ ተቀመጡ።

«እኔ… ድሮ፣ ማለት ነው…»

የጆሮ እጅ ቆመ። እናቷ ቅንድቧን አነሣች፤ ምን አለ?

«'ማለት ነው' አለ» አለች ጆሮ። «ምልክት የለውም አልኩሽ እኮ።»

እናቷ አሰበች። ከዚያ ወደ ማሽኑ ጠቁማ ጥያቄ ጠየቀች፤ ጆሮ በድምፅ አደረሰችላት። «ሲበይዱ ዘንጉን መጀመሪያ ብረቱ ላይ ነካ ነካ ያደርጉታል። ለምንድነው?»

«እሱማ ካልነካካሁት አይለኩስም። እሳቱ እስኪይዝ ነው።»

እናቷ ፊቷ በራ። የግራ መዳፏን ዘረጋች፣ በቀኝ አመልካች ጣቷ ነካ ነካ አደረገችው። «ይኸው» አለች። «'ማለት ነው' ይህ ይሁን። እሳቱ እስኪይዝ።»

ጆሮ ለሰውየው ስትነግራቸው ሻካራ መዳፋቸውን ዘርግተው ራሳቸው ሞከሩት፤ ነካ፣ ነካ። «እንግዲህ እኔ» አሉ፣ «እንዲህ መዳፌን ስጠበጥብ ልኖር ነው!»

ከዚያ ተናገሩ። ጆሮም አንድም ሳታስቀር፣ መንካካቱንም ሳትተው፣ አስተላለፈች።

«ድሮ አልገባም ነበር ቤተ ክርስቲያን። ሚስቴን ሸኝቼ፣ ማለት ነው፣ በር ላይ ቆሜ ነበር የምጠብቃት። አንድ ቀን አንዲት ሽንኩርት ቸርቻሪ ተነሥታ ተናገረች። ምን እንዳለች፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ዛሬም አልገባኝም። ግን ሁሉም ዝም ብሎ እስከ መጨረሻው ሰማት። እኔን፣ ማለት ነው… እኔን ሰው ጨርሶ ሰምቶኝ አያውቅም ነበር። ያን ቀን ገባሁ።»

ቆም አሉ። ቀጥለው ወደ እናቷ ዞሩ። ሲናገሩ እሷን እንጂ ጆሮን አላዩም።

«ከዚያ ስለ እርስዎ ተናገርኩ። ልጅቷ የኛን ነገር ወደ እርስዎ ታመጣለች፤ የእርስዎን ግን፣ ማለት ነው፣ ወደኛ አምጥታ አታውቅም። እኛም ጠይቀን አናውቅም። ሰዓቱ የሚዘጋ ከሆነ እንኳ የእርስዎ ተራ ሳይደርስ አይዘጋ። ያልኩት ይኼንን ነው… መሰለኝ።»

የጆሮ ጣቶች የመጨረሻውን ቃል አድርሰው በአየር ላይ ቀሩ።

«ግን ጋሼ» አለች ጆሮ፤ ዝም ማለት አልቻለችም፤ «ሰው እኮ ይሰለቻል። ጓደኞቼ እየቀሩ ነው።»

«ልክ ነሽ። እኔ ራሴ ስናገር ይሰለቸኛል።»

«ታዲያ መዝሙሩ ምን አደረገዎት?»

«መዝሙሩ ምንም። ድራሙ ነው። በጸሎት ቤት አይመቸኝም።»

«ለምን?»

«እንጃ። አይመቸኝም።»

«ይኼ ምክንያት አይደለም እኮ!»

«አይደለም» አሉ ሰውየው ሳይከፋቸው። «እስኪ ያንቺን ንገሪኝ።»

ደንበኛው ተንፍሶ እሱም አንድ ብረት ላይ ተቀመጠ። ጆሮ ነገረቻቸው። ዝማሬ ሲጀመር ደረቷ ውስጥ የሚከፈተውን ነገር፣ ድራሙ ሲመታ ወለሉ ስለሚንቀጠቀጥ እናቷ በእግሯ የምትሰማው ያ ብቻ መሆኑን ሁሉ። መሐል ላይ ተምታታባት፤ እንዲያውም አንዴ «ማለት ነው» አለች። ጋሽ ማለትነው አላቋረጧትም። ስትጨርስ፣ «በእግራቸው የሚሰሙት ያ ብቻ ነው፤ ነው ያልሽው?» ብለው ደገሙላት።

«አዎ።»

«ይኼን አላውቅም ነበር።» አሰቡ። «አሁንም አይመቸኝም። ግን አላውቅም ነበር።»

ማሽናቸውን ሲያስነሡ ደንበኛው ራሱ በሩን ያዘላቸው።

*

«ዝም በይ በቃ!» አለ ባትሪ። በማግስቱ ትምህርት ቤት በር ላይ ቆመው ነው፤ ጆሮ እናቷ ንግግሩን ሳትሰማ እጇን እንዳነሣች ለመምህር ልትናገር መሆኑን ነግራዋለች። «ማን ያውቃል? አንቺ፣ ማዘርና ጋሽ ማለትነው። ማዘር አትናገርም፤ እሱ ቢናገር ማንም አይገባውም!»

ቀልዱ ሌላ ጊዜ ያስቃት ነበር። «አልቀልድም» አለች።

«እኔም። አዲሱን መዝሙር ስንት ጊዜ ተለማመድን? ያንቺ ሐሳብ እኮ ነው ጆሮ! ብትናገሪ እንሸነፋለን።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

ጆሮ ቦርሳዋን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዛወረች። ቢሸነፉ እንደሚቆጫት ታውቃለች። ሐሳቧንም አልለወጠችም፤ አሁንም መዝሙሩ ይሻላል ባይ ናት። «እንደዚህ ከሆነ ያሸነፍነው በኔ ሁለት እጅ ነው» አለች። «እኔ ደግሞ የማነሣው አንድ ነው።»

ባትሪ ጥሏት ሄደ፤ ከዚያ ከሩቅ ዞሮ «ግትር!» አላት። ከስድብ ይልቅ ቅጽል ስም የሚያወጣላት ይመስል ነበር።

መምህር ቤታቸው በረንዳ ላይ ሆነው ሰሟት። ስትጨርስ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «ያልሰማ ሰው የሰጠው ድምፅ አይቆጠርም» አሉ። «መጥተሽ በመንገርሽ አመሰግንሻለሁ። እሑድ እንደገና እንጠይቃለን።» ቀጥለው ከጎኗ የቆመችውን እናቷን አዩ። «እናትሽስ? ከውሳኔው በፊት የሚሉት ነገር አላቸው?»

ጆሮ ጠየቀቻት። የእናቷ እጅ ኪሷ ውስጥ ነበር። ቀስ ብሎ ወጣ።

«የኔን የሚያወጣ አፍ ካገኘሁ» አለች።

*

እሑድ ጆሮ በርጩማዋ ላይ አልተቀመጠችም። እናቷ ከሕዝቡ ፊት ቆማለች፤ ጆሮ ደግሞ እጇን ማየት እንድትችል ጎኗ ላይ። ከቆመችበት የአዳራሹን ሰው ሁሉ ፊት ለፊት አየች። ከኋላ ባትሪ፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ጋሽ ማለትነው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው።

እናቷ ደረቷን ነካች።

«እኔ» አለች ጆሮ። ቃሉ እንግዳ ሆነባት። የእናቷን ነገር ስትናገር «እሷ እንዲህ ትላለች» ማለት ለምዳለች። ዛሬ ግን እናቷ «እኔ» ብላለች፤ እሷም «እኔ» አለች። «እኔ በልጄ ሐሳብ አልስማማም።»

አዳራሹ ሳቀ። የጆሮ ፊት ጋለ። የእናቷ እጅ አላቆመም።

«ልጄ ጎበዝ ናት፣ ግን ትቸኩላለች።» አሁን ጆሮም ሳቀች። «ድራሙን እወደዋለሁ፤ በእግሬ እሰማዋለሁ። ባይቀር ደስ ይለኛል። ልጄ ስትዘምር ግን ሰምቻት አላውቅም። የምሰማው… የምሰማው እጇን ነው። በእጇ ሁላችሁንም ሰምቻለሁ። ልጅሽ ታሞብሽ የነበርሽውን። ሕልም ያየኸውን። ሽንኩርት ቸርቻሪዋን ሳይቀር፤ ያኔ እናቴ ነበረች የምትነግረኝ። ስለዚህ መጀመሪያ አመሰግናለሁ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ማንም አመሰግናለሁ ስል አልሰማኝም።»

የሚስቅ አልነበረም። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ጋሽ ማለትነው ፊታቸውን በባርኔጣቸው ሸፈኑ።

«ቀጥሎ ማለት የምፈልገው…»

እናቷ ቆመች። እጇ ተነሣ፣ ቃል ፈለገ፣ ወረደ። እንደገና ተነሣ። ጆሮ እናቷ ወዴት እየሄደች እንደሆነ የገመተች መሰላት። ሁለት ጥሩ ጥሩ ቃላት ምላሷ ጫፍ ላይ ነበሩ፤ ብትላቸው ንግግሩ ያምራል፣ ማንም አያውቅም።

እናቷ የግራ መዳፏን ዘረጋች። በቀኝ ጣቷ ነካ ነካ አደረገችው።

ጆሮ ወደ ኋለኛው ወንበር አየች። የባትሪ እጅ ጉልበቱ ላይ ነው፤ አምስቱም ጣቶቹ ተዘርግተዋል።

«ማለት ነው…» አለች ጆሮ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።

ጋሽ ማለትነው ቀና አሉ። ከኋላ ማንም ጣቱን አላጠፈም። ጆሮ አፏን ዘግታ፣ እንደ አዳራሹ ሰው ሁሉ፣ የእናቷን እጅ እያየች ጠበቀች።